ታዲያ ውሃውን ሰጠችው?

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የምታውቀውን ሁሉ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ዘንድ እላክ ነበርና ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጬ በኩራዝ ብርሃን ወንጌል አነብላታለሁ። አንድ ምሽት የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ፣ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 4፣ አነበብኩላት። ጌታ ከመንገድ ብዛት ደክሞት ከያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ማለቱን፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ሴት ውሃ መለመኑን፣ ከዚያ ነገሩ ወደ ሕያው ውሃ፣ ወደ ባሎቿ፣ ወደ አምልኮ ቦታ መዞሩን፣ በመጨረሻም ሴትየዋ እንስራዋን እዚያው ትታ ወደ ከተማ መሄዷን። ስጨርስ የምታማትብ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፣

«ታዲያ ውሃውን ሰጠችው?» አለችኝ።

መጽሐፉን ገልጬ እንደገና ፈለግኩ። መለመኑ አለ። ሴትየዋ በአይሁድና በሳምራውያን መካከል ያለውን ቅራኔ አንስታ መገረሟ አለ። ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ገዝተው መመለሳቸው አለ። እሱ መጠጣቱ ግን የለም።

«አልተጻፈም» አልኳት።

«ጠምቶት ነበር እኮ» አለች። ያን ማታ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

አሁን ዕድሜዬ እሷ ያን ጊዜ ከነበረችበት ብዙ አይርቅም። በእነዚህ ዓመታት ስለዚያች ሴት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ጥቂት የማይባሉ መጻሕፍትም አንብቤያለሁ። ሁሉም ከሴትየዋ ጥም ይነሣሉ። ከእሱ ጥም የተነሣ አላጋጠመኝም። የአያቴ ጥያቄ ግን አልተወኝም። እግዚአብሔርን በማግኘት ስለሚገኝ እርካታ ባሰብኩ ቁጥር ከዚያ ምድጃ ዳር እመለሳለሁ።

እርካታ የሚለውን ቃል ዛሬ በየቦታው እንሰማዋለን፤ የሥራ እርካታ፣ የደንበኛ እርካታ። መነሻው ግን ጉሮሮ ነው። ረካ የምንለው የጠማው ሰው ውሃ ሲያገኝ ነው፤ የተሰነጠቀ መሬት የሰኔን ዝናብ ሲጠጣም እንዲሁ። ለምግቡ ሌላ ቃል አለን፤ ጠገበ። ቋንቋችን ሁለቱን በእኩል ዓይን አያያቸውም። ጠገበ ሲባል ከገበታ የተነሣ ሰው ማለት ነው፤ ልኩን የሳተ ሰው ማለትም ነው። ጥጋበኛ ስድብ ነው። ከረካ ግን ስድብ አልወጣም። አበው ይህን ሲለዩ ዝም ብለው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የጠገበ ሰው ገበታውን ገፋ ያደርጋል፤ የቀረበለትን እንጀራ ከእንግዲህ እንደ ሸክም ያየዋል። የረካ ሰው ግን ከምንጩ ጋር አይጣላም። ማታ እንደሚመለስበት ያውቃልና እግረ መንገዱን ድንጋዩን አስተካክሎ፣ ቅጠሉን ጠርጎለት ይሄዳል።

እኔ ለረጅም ጊዜ የፈለግኩት ጥጋብን ነበር፤ ስሙን እርካታ ብዬው ነው እንጂ።

በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። ዕጣው የደረሰኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስሜን ከዝርዝሩ መካከል ሳገኘው ጉልበቴ ተብረከረከ፤ አከራዬ ሳይቀሩ እልል አሉልኝ። ቤት ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ እንዲያ አልልም። ገና ልስኑ ባላለቀው ክፍል መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ባደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ፤ ምስጋናዬም እውነተኛ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ግን ነቃሁ፤ አንድ ነገር ገረመኝ። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የኖረው ምኞት ቤቱን ሳገኝ ይሞታል ብዬ ነበር። አልሞተም። እሱም ዕቃውን ጭኖ አብሮኝ ገብቷል። እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ከፍራሹ ጎን ተቀምጦ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያምረው ይነግረኝ ጀመር።

አላዘንኩም። ይልቅ ፈራሁ። የምመኘውን ሁሉ አንድ በአንድ ባገኝም ይህ ጎረቤቴ ከጎኔ የማይነሣ ከሆነ፣ የጎደለኝ ነገር ከዕቃ ወገን አይደለም ማለት ነው። መጽሐፈ መክብብ በስሙ የተነገረለት ንጉሥ የአትክልት ቦታውንም፣ የውሃ ኩሬውንም፣ ዘፋኞቹንም ቆጥሮ የደረሰበት ይኸው ነው። እሱ በቤተ መንግሥት፣ እኔ በአራተኛ ፎቅ።

ያ አራተኛ ፎቅ ሳምራዊቷን ሴት አስተዋወቀኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም። ታች ካለው ቧንቧ እየቀዳን ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን። ሴትየዋ ስለ ሕያው ውሃ ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት ነገር፣ ያ ውሃ ከተሰጣት ዳግመኛ ወደ ጉድጓዱ መመላለስ እንደማያስፈልጋት ነው። ብዙ ሰባኪዎች በዚህ ያሙዋታል፤ መንፈሳዊውን ነገር በሥጋ ተረዳችው ይላሉ። ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ የወጣ ሰው አያማትም። የያዕቆብ ጉድጓድ ዛሬም ናብሉስ ከተማ በአንድ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ፤ ጥልቀቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ገመድ በየቀኑ መጎተት፣ ከዚያ እንስራ ተሸክሞ መመለስ፣ ነገም እንደገና። ከምልልስ ገላግለኝ ማለቷ ነው። የእኛም ጸሎት በአብዛኛው ከዚህ አይዘልም፤ ጌታም ስለዚህ አልተቆጣትም።

ውሃውን ግን እንደ ጠየቀችው አልሰጣትም። ባልሽን ጥሪ አላት።

ይህ መታጠፊያ ለረጅም ጊዜ ይጎረብጠኝ ነበር። ስለ ውሃ እያወሩ ስለ ባል ምን አመጣው? ብዙዎች እዚህ ላይ ተቻኩለው ጋለሞታ ያደርጓታል። አምስት ባሎች እንደነበሯት፣ ስድስተኛውም ባሏ እንዳልሆነ ተጽፏል፤ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ሚስቱን የሚፈታው ባል ነው፤ ሞትም እንደዛሬው አይደለም፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አምስት ጊዜ የቀበረች ወይም አምስት ጊዜ የተባረረች ልትሆን ትችላለች። ጌታም ኃጢአትሽ ተሰረየልሽ አላላትም። የኖረችውን ኑሮ እንደሚያውቅ ነገራት፤ ማወቁም አላራቀውም። እሷም በኋላ ለከተማው ሰው ስትመሰክር ስለ ውሃው ትንፍሽ አላለችም፤ የመሰከረችው ስለ ማንነቷ የሚያውቅ ሰው እንዳገኘች ነው። ውሃ ለመነች፣ ሰው አገኘች፤ ሰውም ሆኖ የመጣውን እሱን።

አንድም፣ በኦሪት ጉድጓድ ዳር የሚሆነውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ልቡ ይነቃል። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ለይስሐቅ ያገኛት ጉድጓድ ዳር ነው። ያዕቆብ ራሔልን ያየው ጉድጓድ ዳር ነው። ሙሴም ሲፓራን ወደማግባት የደረሰው ከምድያም ጉድጓድ ተነሥቶ ነው። በእኛም አገር ቢሆን ወንዝ መውረድ ለኮረዳ ውሃ መቅዳት ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ ሰው በጉድጓድ ዳር ሴትን ውሃ ሲለምን የኦሪት ጆሮ የሚጠብቀው ሠርግ ነው። ዮሐንስም ከዚህ ምዕራፍ አስቀድሞ መጥምቁ ክርስቶስን ሙሽራ ብሎ እንደጠራው ጽፏል። ስለዚህ ባልሽን ጥሪ ማለት ከጨዋታው መውጣት አይደለም፤ የጨዋታው ልብ ነው። በስድስት ደጅ ያለፈች ሴት ሰባተኛው ፊቷ ተቀምጧል፤ ደክሞታል፣ ጠምቶታልም።

ዛሬ ዛሬ ከእግዚአብሔር ጋር ግንኙነት ሊኖርህ ይገባል ይባላል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ቃሉ ግን የቢሮ ይመስለኛል፤ የሕዝብ ግንኙነት፣ የውጭ ግንኙነት እንደምንለው። ከዚያ የቀደመ ቃል አለን። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ተጠምቀው የሚያገኙትን ጸጋ ልጅነት እንለዋለን። ልጅነት ውል አይደለም። ልጅ ከእናቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ልጇ ነው። ሲያኮርፍም፣ ሲርቅም፣ ዐረብ አገር ሄዶ ሦስት ዓመት ሳይደውል ቢቀርም ልጇ ነው። ርቀቱ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው፤ እናቲቱም እዚህ በር በሩን እያየች ትጎዳለች። ስለ እርካታ የሚነገረው ብዙ ነገር ይህን የወዲያኛውን ወገን ይረሳዋል። እግዚአብሔርን የማይቋረጥ ቧንቧ አድርጎ ይስለዋል፤ ና፣ ክፈት፣ ጠጣ። ቧንቧ ግን አይጠማውም። ቧንቧ አይጠብቅህም።

በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ የኖረው የባስልዮስ ወንድም፣ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር ያስደንቀዋል። ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር ሰው ከወዳጁ ጋር እንደሚነጋገር ፊት ለፊት ተነጋግሯል፤ ደመናው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ክብርህን አሳየኝ ብሎ ይለምናል። ያየ ሰው እንዴት እንዳላየ ሰው ይለምናል? ጎርጎርዮስ የደረሰበት መልስ ይህ ነው፤ እግዚአብሔርን ማየት ማለት እሱን ለማየት ያለው ፍላጎት ሳያልቅ መኖር ነው፤ መልካምነቱ ዳርቻ ስለሌለው ወደ እሱ የሚወስደውም መንገድ ዳርቻ የለውም። ይህን ሳነብ ያ ሌሊት ከፍራሼ ጎን የተቀመጠው ምኞት ትዝ አለኝ። እስከዚያ ቀን ጠላቴ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ካልሞተ እንደማላርፍ። ለካ የተሳሳተ ደጅ ሲያንኳኳ የኖረ መልእክተኛ ነው። ከቤት ቤት ያስቸገረኝ ቤት ስላነሰው ነው።

ይህን በአእምሮዬ ብቻ ባውቀው ኖሮ ዛሬ አልጽፈውም ነበር። በሥጋዬ ያወቅኩት በስቅለት ቀን ነው።

ዮሐንስ ሴትየዋ ወደ ጉድጓዱ የመጣችበትን ሰዓት ስድስት ያህል ይለዋል። የፈረንጅ አንባቢ እዚህ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ለእሱ ስድስት ሰዓት ማለዳ ወይም ማምሻ ነው። ለእኛ አያስፈልገንም። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር የወንጌሉ ነው፤ ስድስት ሰዓት ስንል ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጥላ ከእግር ሥር ገብቷል፣ ወንዝ የሚወርድ ሰው የለም። ይኸው ዮሐንስ ያንኑ ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ ይጠራዋል፤ በምዕራፍ 19፣ ጲላጦስ ኢየሱስን አውጥቶ ለሕዝቡ ባሳየበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ያህል ነበር ይላል። ከዚያም በመስቀል ላይ እንደጠማው ይናገራል። በመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ውሃ ለምኖ ማግኘቱ አልተጻፈም። በሁለተኛው ሆምጣጤ ሰጡት።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰዓት ከፍላ ግብረ ሕማማትን ታነባለች፤ በአንድ፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት። እኛ እንሰግዳለን። ማለዳ ላይ ቀላል ነው። የሐሙስ ጉልባን ጨው ገና በምላስህ ላይ አለ፤ እናቴ እንደሆነ ጨው አትቆጥብም ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ጉልበትህ መኖሩን ያስታውቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ትተዋለህ። ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ከፊትህ የሚሰግደው ሰው ተረከዝ፣ የሣሩ ሽታ፣ ኪራላይሶን የሚለው ድምፅ፤ ዓለም በዚህ ያልቃል። አንድ ዓመት በዚያ ሰዓት ግንባሬን ከመሬት እንዳደረግኩ መነሣት አቃተኝ። ምንም አልጸለይኩም፤ ለመጸለይ የሚበቃ ምራቅ አልነበረኝም። ውሃ ውሃ ብቻ ይለኛል። በዚያ መካከል ጥሜ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ተሰማኝ። ከእኔ በፊት እዚህ ጥም ውስጥ የገባ አለ። ስገባ ቤቱ ባዶ አልነበረም።

ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ስነሣ እንደ ጠማኝ ነው የተነሣሁት። ነገር ግን በሕይወቴ ከየትኛውም ሰዓት ይልቅ ምንም ያልጎደለኝ ያን ጊዜ ነው፤ አፌ ደርቆ፣ ጉልበቴ ተልጦ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቀኑ ሲጠናቀቅ፣ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ጠብጥበው ተጨማሪ ስግደት ሲሰጡኝ ሳላውቀው ፈገግ አልኩ። እሳቸውም ምንም አላሉኝም።

ይህን ስል ግን የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ያን ስሜት የዚህ ሁሉ ፍሬ አድርጎ የሚወስድ አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ሰግጄ ድካም ብቻ ነበር ያገኘሁት። ስሜቱን እንደ ዕጣ ቤት ልይዘው ሞክሬ ነበር፤ ቁልፍ የለውም። በዚህ ነገር ከማንም በላይ ያጽናናችኝ ማዘር ትሬዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፈች ከአሥር ዓመት በኋላ ደብዳቤዎቿ ታትመው ሲወጡ፣ ለሃምሳ ዓመት ገደማ የእግዚአብሔርን መገኘት ሳይሰማት፣ በውስጥ ጨለማ እንደኖረች ታወቀ። ብዙዎች ደነገጡ። አንዳንዶች እምነቷ ባዶ ነበር ማለት ነው አሉ። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። የእህቶቿ ማኅበር በየጸሎት ቤቱ ከመስቀሉ ጎን የሚጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ጥሙን የተናገረበትን ቃል። በየማለዳው ዓይኗ ያርፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው። የራሷ ጥም ሳይረካላት የእሱን ጥም ለማርካት ተነሣች፤ የጠማቸውን ሁሉ እሱ ነው ብላ። ለታናናሾቼ ያጠጣችሁት ለእኔ ነው ብሏልና።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባለው የእህቶቿ ቤት አንድ ቀን ሕመምተኛ ልጠይቅ ገብቼ ነበር። ከአልጋዎቹ ባንዱ ላይ የተኙ ሽማግሌ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አንዲት እህት ከጎናቸው ተንበርክካ ውሃ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች፤ ጠብታው ወደ አገጫቸው ሲወርድ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ሌላ ማንኪያ ትሞላለች። አልቸኮለችም። ፊቷን አየሁት። ደስታ ይሁን ድካም ለመለየት ያስቸግራል። ነገር ግን የሆነ ቦታ ለመድረስ የምትጣደፍ ሰው ፊት አልነበረም። የአያቴ ጥያቄ እዚያ በር ላይ እንደቆምኩ መጣብኝ።

አያቴ አክፍሎት ትይዝ ነበር። ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ አይገባባትም፤ ሰማንያ ከተሻገረች በኋላም ተይ ብንላት አልሰማችንም። አንድ የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ወጥተን፣ ጧፋችንን ይዘን ወደ ቤት ገባን። ዶሮው ወጥቷል፣ ተልባው ተበጥብጧል፤ እሷ ግን መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ አለች። በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ጠበቅኩ። ጣሳውን አላነሣችውም።

«እማዬ፣ ለምን አትጠጪም?»

«ቆይ» አለች ውሃውን እያየች። «እሱ ይቅደም።»